ዜማው የሕዝብ፣ ድምፁ የዘፋኙ፦ ትዝታና ዘፋኞቹ

በ1980ዎቹ በአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች ይሸጡ ከነበሩት ካሴቶች አንዱን አንሥቶ የሽፋኑን ወረቀት ለሚያነብ ሰው፣ ከእያንዳንዱ ዘፈን ትይዩ የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ስም ተዘርዝሮ ይገኛል። ትዝታ የተሰኘው ዘፈን ላይ ሲደርስ ግን ብዙውን ጊዜ የዜማ ደራሲው ቦታ ላይ የሰው ስም የለም። በስሙ ምትክ “የሕዝብ” የሚል አንድ ቃል ብቻ ሰፍሮ ይታያል።

ይህች ቃል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚሠራ አንባቢ እንግዳ አይደለችም። የሕዝብ ንብረት፣ የሕዝብ ሀብት ሲባል ባለቤቱ ብዙ፣ ጠባቂው ግን ተለይቶ የሚታወቅ ነገር ማለት ነው። በትዝታ ረገድ ግን ባለቤቱ ሕዝብ ነው ከተባለ በኋላ ጠባቂው ማን እንደሆነ፣ ዘፋኙስ ከዚያ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሳይነሣ ቆይቷል። ጥያቄውን አሁን ለማንሣት የሚያስገድድ ምክንያት አለ። የአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን በሚባሉት ዓመታት የተቀረጹት ሸክላዎች ሃምሳ ዓመት እየሞላቸው ወይም እያለፋቸው ሲሆን፣ ሃምሳ ዓመት ደግሞ በሕጉ ውስጥ የራሱ ትርጉም ያለው ቁጥር ነው። ወደዚህ ነጥብ ከመድረሳችን በፊት ትዝታ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሆነና ዘፋኞቹም በምን ሁኔታ ይሠሩ እንደነበር ማየቱ ተገቢ ይሆናል።

በምዕራቡ ዓለም “ባላድ” የሚባለው ዘፈን በጥንት ዘመን አንድን ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው እየተረከ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ የሕዝብ ዜማ ነበር። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ግን ረጋ ባለ ምት የሚዜም የፍቅርና የናፍቆት ዘፈን መጠሪያ ሆኗል። በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበው ዘፈን የትኛው ነው ቢባል መልሱ ያለ ብዙ ክርክር ትዝታ ነው። በፓሪስ የሚገኘው ቡዳ ሙዚክ የተባለው አሳታሚ፣ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰባሳቢነት “ኢትዮፒክስ” በሚል ስም ካወጣቸው ተከታታይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች መካከል አሥረኛው “ትዝታ፦ የኢትዮጵያ ብሉዝና ባላድ” የሚል ርእስ የተሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ንጽጽሩ ግን እስከ ተወሰነ ደረጃ ብቻ ነው የሚያስኬደው። ትዝታ እንደ ባላድ ታሪክ አይተርክም። ያለፈን ነገር ያስታውሳል እንጂ ምን እንደተፈጸመ አይነግርም። ማን ከማን እንደተለየ፣ የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት የሚለው ሁሉ ለአድማጩ የተተወ ነው።

ቃሉ ራሱ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል። በዕለት ተዕለት ንግግር ትዝታ ማለት ያለፈውን ማስታወስ ነው። ለሙዚቃ ባለሙያ ደግሞ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ አንዱ ነው። ሦስተኛው ትርጉም በዚያው ቅኝትና በዚያው ስም የሚዜመው ዘፈን ነው። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስሞች መሆናቸው እንደሚታወቅ ሁሉ ወሎም በአጠቃላይ የቅኝቶቹ መፍለቂያ ተደርጎ ይቆጠራል። ትዝታ ግን ስሙን ከቦታ ሳይሆን ከስሜት የወሰደ በመሆኑ ጎጃሙም፣ ጎንደሩም፣ ሸዋውም የእኔ ነው ቢል የሚከለክለው የለም።

ቅኝቱ አምስት ድምፆች ብቻ አሉት። በተለምዶ አጠራር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚባሉት ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ሦስተኛውና አምስተኛው፣ ማለትም ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ሙዚቀኞች ግማሽ ትዝታ ወይም ትዝታ ማይነር የሚሉት ይሆናል። ሙሉው ትዝታ ረጋ ያለና የተጽናና ስሜት ሲኖረው፣ ግማሹ ሐዘኑ የበረታ ነው። ክራር ደርዳሪው ክሮቹን የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ ዘፋኙ ዛሬ ድምፁ ከከበደው ክራሩ ዝቅ ይላል። በኋላ ዘመን ፒያኖና የትንፋሽ መሣሪያዎች ሲመጡ ይህ ተገልብጧል፤ መሣሪያው በቋሚ ልክ የተሠራ በመሆኑ ዘፋኙ ወደ መሣሪያው መምጣት ግድ ሆነበት። ጥንቃቄ የጎደለው ኦርኬስትራ ትዝታን ያጀበ እንደሆነ ዘፈኑ ሁሉ የተቀነበበ መስሎ የሚሰማው ስለዚህ ነው።

የትዝታ ግጥም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ስንኞች ተጀምሮ በሁለት ስንኞች ያልቃል። ስንኞቹም በአማርኛ ሥነ ግጥም “የወል ቤት” በሚባለው፣ እያንዳንዱ መስመር ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት እኩሌታዎች በሚከፈልበት ምጣኔ የሚገጠሙ ናቸው። ስሙ የወል መሆኑ ለነገራችን የተመቸ ነው። አንድ ጊዜ የተገጠመ ጥንድ ስንኝ ከዘፋኝ ወደ ዘፋኝ ይሻገራል፤ ማን እንደገጠመው ሳይታወቅ በሌላ ካሴት ላይ በሌላ ሰው ድምፅ ይሰማል። በጠጅ ቤት አዝማሪው መሰንቆውን እየመታ ሲያዜም ከታዳሚው አንዱ “ተቀበል!” ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪው ግጥሙን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። በማግስቱ ያው ግጥም በሌላ ቤት፣ ለሌላ ታዳሚ ይዘፈናል። እንዲህ ባለው ሁኔታ የግጥሙን ደራሲ ለይቶ በመዝገብ ላይ ማስፈር የሚቻል አይደለም።

ታዲያ ዜማው የሕዝብ፣ ግጥሙም በአመዛኙ የሕዝብ ከሆነ ለዘፋኙ የሚቀረው ምንድን ነው? የሚቀረው ብዙ ነው። ትዝታ ውስጥ እንደ ሌሎች ዘፈኖች አድማጭ የሚጠብቀው ቋሚ አዝማች ወይም ሁሉም በአንድ ልክ የሚያዜመው የተወሰነ መንገድ የለም። ዘፋኙ ከመቶዎች ጥንድ ስንኞች መካከል የትኞቹን እንደሚመርጥ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚያሰልፋቸው፣ የትኛውን ቃል እንደሚጎትትና የትኛውን እንደሚውጥ፣ ዝምታውን ምን ያህል እንደሚያስረዝም ሁሉንም ራሱ ይወስናል። በመሆኑም የአንድ ዘፋኝ ትዝታ ከሌላው ጋር በዜማ አንድ፣ በሥራ ግን ፍጹም የተለየ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ማስረጃው ከድምፅ ቅጂዎቹ ይገኛል። የክቡር ዘበኛ ባልደረባ የነበረው ካሣ ተሰማ በክራር ብቻ ታጅቦ ሲያዜም ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አድማጩ ወደርሱ እንዲጠጋ ያስገድደዋል። ክራር ደርዳሪዋና ተዋናይዋ አስናቀች ወርቁ ደግሞ ዘፈንና ንግግርን ትቀላቅላለች፤ አንዱን ስንኝ እንደ ቀልድ አስጀምራ እንደ ለቅሶ ትጨርሰዋለች። ለረጅም ዓመታት በቴአትር መድረክ የሠራች መሆኗ እዚህ ላይ በግልጽ ይሰማል። ጥላሁን ገሠሠ በበኩሉ ድምፁን ከታች አንሥቶ ቀስ በቀስ እያጎላ ወደ ላይ የሚያወጣና እዚያው የሚያቆይ ነበር። የማሕሙድ አሕመድ ትዝታ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ በሸክላ ዘመን የአንድ ገጽ ርዝመት ሦስትና አራት ደቂቃ እንደነበር ለሚያስታውስ ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም። ጌታቸው ካሣ ትዝታን በሁለት አቀራረብ፣ አንዱን በዝግታ ሌላውን በፈጣን ምት አስቀርጾ ያው ዜማ ለተመስጦም ለጭፈራም እንደሚሆን አሳይቷል። የፈጣኑ ትዝታ ነገር ለአንዳንድ አዛውንት እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። በዛወርቅ አስፋው ደግሞ እያንዳንዱን ቀለም በብዙ ድምፅ እየጠቀለለች የምታዜመው ትዝታ ብዙ አድማጮች “የትዝታ ንግሥት” እንዲሏት አድርጓል። ከነዚህ አንዱን ሰምቶ ሌላውን እንደሰማ የሚቆጥር ካለ ትዝታን አልሰማም ማለት ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጉዳይ ለብዙ አንባቢያን እምብዛም የማይታወቅ ይመስላል። ከነዚህ ዘፋኞች አብዛኞቹ ደመወዝተኞች ነበሩ። በኢትዮጵያ ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸ የመጀመሪያው ሰው ተብለው የሚጠቀሱት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ጀርመን አገር ተልከው በነበረበት ጊዜ ያስቀረጹት የግል ተሰጥዖ ውጤት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመናዊ ሙዚቃ ግን ያደገው በመንግሥት ተቋማት ውስጥ ነው። በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ ለመመከት ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦር፣ የፖሊስ ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍሎች፣ እንዲሁም በ1948 ዓ.ም. የተመረቀውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ትውልደ አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን የአገሩን ዜማ ለዘመናዊ ኦርኬስትራ በማቀናበር ያበረከቱት ድርሻም በነዚሁ ተቋማት ውስጥ የተከናወነ ነው።

የተቋም ቅጥር የራሱ ጥቅምና ጉዳት ነበረው። ዘፋኙ ወርኃዊ ደመወዝ፣ የደንብ ልብስ፣ የመለማመጃ ስፍራና በቅጡ የሰለጠነ ኦርኬስትራ ያገኛል። በአንጻሩ የት እንደሚዘፍን፣ ምን እንደሚዘፍንና ከማን ጋር እንደሚሠራ የሚወስነው አለቃው ነው። በጦር ክፍል ውስጥ ያለው ደግሞ ከዘፋኝነቱ በፊት ወታደር ነው። ጥላሁን ገሠሠ በልጅነቱ ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ ከተዛወረ በኋላ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች የመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ ከታሰሩት መካከል ነበር። የማሕሙድ አሕመድ ታሪክ በሌላ በኩል የቅጥሩን በር ያሳያል። የመርካቶው ልጅ ማሕሙድ አሪዞና በሚባለው የምሽት ክበብ በጉልበት ሥራ ላይ ሳለ፣ የክቡር ዘበኛ ዘፋኞች ባልተገኙበት አንድ ምሽት እንዲዘፍን ፈቃድ ጠይቆ መድረክ ላይ እንደወጣና ከዚያም ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ እንደገባ ይነገራል። እዚያም እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ሠርቷል።

በሥራው ክፍፍልም ተቋማዊ አሠራር ይታይ ነበር። እንደ ሣህሉ ደጋጎ ያሉ የዜማ ደራሲዎች፣ እንደ ሰሎሞን ተሰማ ያሉ ገጣሚዎች፣ አቀናባሪዎችና ድምፃውያን እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን ያዋጣሉ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ያለ ዜማ ደራሲ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ገጣሚ፣ ዘፋኙ ብቻውን የሚቆምበት ዘፈን ትዝታ ነበር ማለት ስሕተት አይሆንም።

የሸክላ ኅትመትም ቢሆን በመንግሥት እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ነበር። ይህን ብቸኛ መብት የጣሰው አምኃ እሸቴ የተባሉ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ወደ ውጭ አገር ልከው በማሳተም “አምኃ ሬከርድስ”ን መሠረቱ። ሊከሰሱ ይችሉ እንደነበር ቢታወቅም ሥራው ቀጠለ፤ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና በርከት ያሉ አልበሞችን አወጡ። እንደ ካይፋ ሬከርድስ ያሉ ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው የኢትዮጵያ ሙዚቃ በአመዛኙ በነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ የተቀረጸው ነው። አንድ የመንግሥት ትእዛዝ በጥብቅ ቢፈጸም ኖሮ ይህ ሁሉ ላይኖር ይችል እንደነበር ማስተዋሉ ለሥራ ኃላፊዎች የሚያስገርም ይመስለናል።

የ1966ቱ ለውጥ ከመጣ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። በ1967 ዓ.ም. መግቢያ የታወጀው የሰዓት እላፊ ገደብ የአዲስ አበባን የምሽት ሙዚቃ ለዓመታት አዳከመው፤ አምኃ እሸቴም ወደ አሜሪካ ሄዱ። ማሕሙድ “እሬ መላ መላ”ን ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያስቀረጸው በዚሁ ወቅት ነው። በ1970ዎቹ ሸክላ ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ካሴት በቀላሉ የሚባዛ በመሆኑ ትዝታን እስከ ገጠር ቀበሌ አድርሶታል፤ በዚያው ልክ ያለ ፈቃድ የሚያባዙ ነጋዴዎችንም አበዛ። በክፍለ ሀገር ደረጃ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች፣ በተለይም የወሎው ላሊበላ፣ የቅኝቶቹን ድምፃውያን ወደ መድረክ በማውጣት የማይናቅ ሥራ ሠርተዋል። የግጥም ቁጥጥር በንጉሡም በደርግም ዘመን ስለነበር፣ ስለ ጠፋ ወዳጅ የሚናገር ትዝታ ስለ ሌላ የጠፋ ነገር እየተባለ በአድማጮች ዘንድ የሚተረጎምበት ጊዜም ነበር። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሕዝብ ይህ አዲስ አይደለም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በስደት የወጡባቸው ዓመታትም እነዚሁ በመሆናቸው ትዝታ አዲስ ትርጉም አገኘ። ቀደም ሲል የሚናፈቀው ሰው ነበር፤ በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖረው ግን የሚናፈቀው አገር ሆነ። በጎንደር ተወልዳ በ1970ዎቹ ወደ አሜሪካ የሄደችው አስቴር አወቀ ትዝታን ለዚህ አዲስ አድማጭ ያዜመች ዋነኛ ድምፅ ናት። የውጭው ዓለምም ጆሮውን የሰጠው በዚያው ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ የቤልጂግ አሳታሚ “እሬ መላ መላ”ን በአውሮፓ አወጣ፤ በ2007 ማሕሙድ የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ። በ2005 በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ከተሰሙት የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች አንዱ “የግሌ ትዝታ” ይባላል። የግሌ የሚለው ቃል ከካሴቱ ሽፋን “የሕዝብ” ጋር ሲነጻጸር የክርክሩን ሁለት ጫፎች የሚያሳይ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የሚደነግጉ አንቀጾች ነበሩት። አንቀጾቹ ደራሲውን የሚመለከቱ ሲሆኑ የዘፋኙንና የድምፅ ቅጂ አዘጋጁን መብት በተለይ የሚደነግግ ክፍል አልነበራቸውም። በመሆኑም በክቡር ዘበኛም ሆነ በሀገር ፍቅር ሲዘፍኑ የነበሩት ድምፃውያን በዘፈናቸው ላይ የነበራቸው መብት ከደመወዛቸው ብዙም የዘለለ አልነበረም። ይህን የለወጠው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ለደራሲ በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት፣ ለከዋኝና ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጅ ለ50 ዓመት፣ ለብሮድካስት ድርጅት ደግሞ ለ20 ዓመት የሚቆይ ጥበቃ ይሰጣል። በማሻሻያነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 872/2007 በበኩሉ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበራት አማካይነት የሚሰበሰብበትን ሥርዓት ዘርግቷል።

ይህ በትዝታ ላይ ሲሠራ ምን ይሆናል? የዜማ ደራሲ የለም፤ ስለዚህ የዜማ ደራሲ ድርሻ የሚጠይቅ የለም። የግጥሙ ደራሲም አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም። የቀረው የዘፋኙ የከዋኝነት መብት ነው። ለሌላው ዘፈን ከሦስትና ከአራት መብቶች አንዱ የሆነው ይህ መብት ለትዝታ ዘፋኝ ብቸኛው ነው ማለት ይቻላል። ዘመኑም የሚቆጠረው እንደ ደራሲው ከሞት በኋላ ሳይሆን ድምፁ ከተቀረጸበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በ1961 ዓ.ም. የተቀረጸ ትዝታ በዚህ ስሌት በ2011 ዓ.ም.፣ በ1967 የተቀረጸው ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሃምሳ ዓመቱን ይሞላል። ዘፋኙ በሕይወት እያለ የወጣትነት ድምፁ የማንም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የራሱን ግጥም ገጥሞ ለነበረ ዘፋኝ ነገሩ የተለየ ነው፤ ይሁንና የገጠመው እርሱ መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። የካሴቱ ሽፋን ላይ “የሕዝብ” ተብሎ ከታተመ በኋላ ይህን ማስረዳት ከባድ ይሆናል። በጊዜው “የሕዝብ” የሚለው ቃል የተጻፈው አንዳንዴ ከትሕትና፣ አንዳንዴም ከችኮላ ነበር።

ሌላው ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚነካ ነጥብ የቅጥር ጉዳይ ነው። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛ በቅጥር ሥራው ላይ እያለ ያመነጨው ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። ሞራላዊ መብቱ፣ ማለትም ስሙ ከሥራው ጋር እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት፣ የዚያው የሠራተኛው ነው። ይህ አነጋገር ለዘመኑ ተቀጣሪ ግልጽ ሊሆን ይችላል። አሠሪው የፈረሰ የጦር ክፍል ኦርኬስትራ በሆነበት፣ ንብረቱም ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው በተዛወረበት ሁኔታ ግን ማን የማን ወራሽ እንደሆነ በቀላሉ የሚለይ አይደለም።

መብቱ ቢጠራ እንኳ የድምፁ ጉዳይ ይቀራል። ሸክላ በጥንቃቄ ከተያዘ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሬዲዮ ጣቢያዎችና ቴአትር ቤቶች ይቀርጹበት የነበረው ሪል ቴፕ ግን እንዲያ አይደለም። ማግኔታዊውን ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር የሚያጣብቀው ሙጫ እርጥበት እየሳበ ይለሰልሳል፤ ሲጫወቱት ከማሽኑ ጭንቅላት ጋር እየተጣበቀ ይላጣል። የሚያጫውተው ማሽን መለዋወጫም በገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ከዚህም በላይ ቴፕ ውድ በነበረበት ዘመን አንዱን ዝግጅት አጥፍቶ በላዩ ሌላ መቅረጽ በብዙ አገሮች የተለመደ አሠራር ነበር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሙዚቃን በግዙፍነት ከሌላቸው ቅርሶች መድቦታል፤ ኢትዮጵያም የዩኔስኮን የማይዳሰሱ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነት በ1998 ዓ.ም. ተቀብላለች። ስለዚህ ትዝታ ቅርስ ነው ወይስ አይደለም የሚለው አከራካሪ አይደለም። አከራካሪው ሣጥኑን ማን ይከፍተዋል የሚለው ነው።

ዘፋኞቹ በበኩላቸው እየተሰናበቱ ነው። ጥላሁን ገሠሠ በ68 ዓመቱ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ነበር። ከአራት ቀን በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በብሔራዊ ደረጃ ሲቀበር አዲስ አበባ ለንጉሥ የማታወጣውን ያህል ሕዝብ አወጣች ቢባል ማጋነን አይሆንም። አስናቀች ወርቁ በመስከረም 2004፣ አምኃ እሸቴ በሚያዝያ 2013፣ ዓለማየሁ እሸቴ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አርፈዋል። በአንድ ቅጂ ላይ የማን ድምፅ እንደሆነ፣ ክራሩን ማን እንደመታ፣ ግጥሙን ማን እንደሰጠ ጠይቆ መልስ የሚገኝባቸው ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ጉዳይ በሄደበት አንድ መሥሪያ ቤት የቆዩ ሪል ቴፖች የተደረደሩበትን ክፍል የማየት አጋጣሚ ነበረው። ከሣጥኖቹ በአንዱ ጀርባ ላይ በቀይ እርሳስ “ትዝታ፣ በክራር፣ ሴት” ተብሎ ተጽፏል። የዘፋኟ ስም የለም፤ ዓመተ ምሕረቱም የለም። የክፍሉ ኃላፊ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሠራተኛ ዘፋኟን በድምፅ ብቻ ይለዩ እንደነበርና በጡረታ ከተሰናበቱ እንደቆዩ ነገሩን። አድራሻቸው በሠራተኛ አስተዳደር መዝገብ ላይ ሊገኝ እንደሚችል ተነጋግረን ስንወጣ፣ ኃላፊው ሣጥኑን ወደ መደርደሪያው ከመመለስ ይልቅ ጠረጴዛቸው ላይ አኖሩት።